ኮንከለር ፈርን ለይቶ መግዛትና በኮሎራዶ ግቢ ማሳደግ

ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ቤት የገዙ ወዳጆቼ ውለው አድረው አንድ ጥያቄ ያመጡልኛል። «ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሚሆን ዛፍ መትከል ፈልጌ ነበር፤ የቱ ይሻለኛል?» ይላሉ። አብዛኞቹ በልባቸው የያዙት ብሉ ስፕሩስ የሚባለውን ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ ነው። ሰፈሩን የሞላው እሱ ስለሆነ አይገርምም። ከ1939 ጀምሮም የኮሎራዶ የግዛት ዛፍ ነው። የኔ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ግቢያችሁ ውሃ የማያቁር ከሆነና በብርዱ ወራት የውሃ ጎማ ይዛችሁ ለመውጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ኮንከለር ፈር ትከሉ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ብሉ ስፕሩስ ከተማ ውስጥ በብዛት ስለተተከለ ተባዩም በሽታውም ተከትሎታል። ሳይቶስፖራ የሚባል በሽታ ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች እያደረቀ ወደ ላይ ይወጣል። የስንቱን ሰው ዛፍ ከወገቡ በታች ራቁቱን አስቀርቶታል። ቅጠሉም ይዋጋል፤ ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮንከለር ፈር ያው ሰማያዊ ግራጫ መልክ አለው፤ ቅጠሉ ግን ለስላሳ ነው። ልጅ ቢያቅፈው አይወጋም። ከፈር ወገን ደግሞ ሙቀትንና ድርቀትን ከሚችሉት አንዱ ነው። እኔ ግቢዬ ውስጥ አሳድጌዋለሁ፤ ተራራ እየወጣሁም በተፈጥሮ ቦታው አይቼዋለሁ። ሁለቱንም ማየት በጣም ጠቅሞኛል። ዛፉ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ያየሁት ተራራው ላይ ነው።

ኮንከለር ፈር ኋይት ፈርም ይባላል። የሳይንስ ስሙ አቢየስ ኮንከለር ነው። የትውልድ ቦታው የምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው። ከኮሎራዶ፣ ከኒው ሜክሲኮ፣ ከአሪዞናና ከዩታ ተነስቶ እስከ ካሊፎርኒያው ሲዬራ ኔቫዳ ይደርሳል። በ1847 አውግስተስ ፌንድለር የተባለ ጀርመን ተወላጅ የዕፅዋት ሰብሳቢ ሳንታ ፌ አጠገብ ናሙናውን ወስዶ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ኮሎራዶ ውስጥ የሚበዛው በደቡቡ በኩል ነው። ሳንግረ ዴ ክሪስቶና ሳን ዋን ተራሮች ላይ፣ በተለይ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ከዳግላስ ፈርና ከፖንደሮሳ ፓይን ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል።

ለዴንቨር ሰው ቅርቡ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። ኖርዝ ሸየን ካንየን ገብታችሁ በእግር ውጡ። ዛፉን ስታገኙት ቀና ብላችሁ ብቻ አትዩት፣ እግሩ ሥር ያለውንም እዩ። የሚወደው ጥላ ያለበት፣ ወደ ሰሜን የዞረ ቁልቁለትና የጅረት ዳር ነው። አፈሩ ድንጋያማና ውሃ የሚያሳልፍ ነው። ከላዩ የረገፈ ቅጠል በወፍራሙ ተነጥፎበታል። ሣር የለም። እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ፤ ወደ ተከላው ስንደርስ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ መለየቱ። እኛ ሀገር ቤት መርፌ ቅጠል ያለውን ሁሉ ጥድ ብለን ማለፍ ስለለመድን፣ እዚህ መጥተንም ፓይኑን፣ ስፕሩሱንና ፈሩን በአንድ ዓይን ነው የምናየው። ነርሰሪ፣ ማለትም ችግኝ መሸጫ ውስጥ ግን ይህ ኪስ ይጎዳል። አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ «ፈር» ብቻ የሚል ወረቀት የተንጠለጠለባቸው ችግኞች ተደርድረው አይቻለሁ። ቀረብ ብዬ ሳያቸው ዳግላስ ፈር ነበሩ። ዳግላስ ፈር በስሙ ፈር ይባል እንጂ ከእውነተኞቹ ፈሮች ወገን አይደለም። ክፉ ዛፍ ነው ማለቴ አይደለም። ግን የምትገዙትን ማወቅ መብታችሁ ነው።

ከሩቅ በቀለም ለመለየት አትሞክሩ። ቅረቡና አንድ ቅጠል ንቀሉ፤ ከዚያ የተነቀለበትን ቦታ እዩ። ፈር ከሆነ ክብ፣ ለስላሳ፣ ከቅርንጫፉ ጋር እኩል የሆነ ጠባሳ ይቀራል። ስፕሩስ ከሆነ ግን ቅጠሉ ተቀምጦባት የነበረች ትንሽ የእንጨት ጉብታ ታገኛላችሁ። ቅጠሉ የረገፈ የስፕሩስ ቅርንጫፍ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው። የፈር ቅርንጫፍ ልስልስ ይላል።

ቀጥሎ ያንኑ ቅጠል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሽከርክሩት። የስፕሩስ ቅጠል አራት ማዕዘን ስለሆነ ይዞራል። የፈር ጠፍጣፋ ስለሆነ እምቢ ይላል። ፓይንን ለመለየት ደግሞ መንቀልም አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት እየሆነ ከአንድ ቦታ በእቅፍ ይወጣል። ፈርና ስፕሩስ ላይ ግን ቅጠሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው።

ፈር መሆኑን ካረጋገጣችሁ የቀረው የትኛው ፈር እንደሆነ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ኮንከለር ፈር ራሱን አይደብቅም። ቅጠሉ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ብዙ ነው። ከቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ወጥቶ ጫፉን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ገልብጣችሁ ስታዩት ላዩም ታቹም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ግራጫ ነው። ብዙዎቹ ሌሎች ፈሮች ላያቸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቻቸው ነጭ መስመር ያለው ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሦስት ቅጠል በእጃችሁ እሹና አሽትቱ። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። እኔ በዚህ ሽታ የማልለይበት ጊዜ የለም።

ተራራ ላይ ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ሌላ ፈር ያጋጥማችኋል፤ ሰብአልፓይን ፈር። እሱ ቅጠሉ አጭር ነው፤ ቁመናው በጣም ቀጭንና ሹል ነው። በረዶ የሚቆለልበትና ዛፍ የሚያቆምበት ወሰን ድረስ የሚወጣው እሱ ነው። ቆንጆ ዛፍ ነው። ዴንቨር ሜዳ ላይ አምጥቶ መትከሉን ግን አልመክርም፤ ሙቀቱን አይወደውም።

ዳግላስ ፈርን የሚያጋልጠው እምቡጡ ነው። በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ቀይ ቡናማና እንደ ጦር የሾለ ከሆነ ዳግላስ ፈር ነው። የኮንከለር ፈር እምቡጥ ድቡልቡል ነው፤ ሙጫም ስላለበት ጣት ላይ ይጣበቃል። ነርሰሪ ውስጥ ትናንሽ ችግኞች ፍሬ ስለሌላቸው እምቡጡ ትልቅ ዋስትና ነው።

ያደገ ዛፍ ከሆነ ፍሬውን ማለትም ኮኑን ፈልጉ። የስፕሩስና የዳግላስ ፈር ኮን ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ በመጨረሻም ድፍኑን ይወድቃል። የዳግላስ ፈር ኮን ላይ በተደራረቡት ቅርፊቶች መሀል ሦስት ጫፍ ያላት ቀጭን ነገር ወጣ ብላ ትታያለች። የፈር ኮን ግን ከዛፉ አናት አካባቢ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሬት ላይ ድፍን የፈር ኮን ብትፈልጉ በአብዛኛው አታገኙም፤ ሲበስል እዚያው ዛፉ ላይ እየተፈረፈረ ዘሩን ይለቃል፣ መሀል ያለችው ቀጭን እንጨት ብቻ ቆማ ትቀራለች። መሬት ላይ ድፍን አረንጓዴ የፈር ኮን ካገኛችሁ ስኩረል ቆርጦ የጣለው ነው።

ግንዱንም ዳስሱት። በለጋነቱ ግራጫና ለስላሳ ነው፤ ቆዳው ላይ እዚህም እዚያም ሙጫ የቋጠሩ እብጠቶች አሉ። በጥፍር ቢጫኗቸው ሙጫው ፊጭ ይላል፤ ከልብስ ስለማይለቅ ተጠንቀቁ። ሲያረጅ ቅርፊቱ ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል።

እንግዲህ ገዛችሁ እንበል። ችግኙን ስትመርጡ ትልቁን አትሻሙ። ወገብ የሚደርሰው ጥሩ ሥር ካለው፣ ከሰው የሚረዝመውን ውድ ዛፍ ቀስ ብሎ ይደርስበታል፤ ትልቁ ሥሩ ተቆርጦ ስለሚመጣ ለማገገም ዓመታት ይወስድበታል። ፎርት ኮሊንስ ያለው የኮሎራዶ ግዛት የደን አገልግሎት ነርሰሪም ትናንሽ ችግኞችን ይሸጣል። ሰፊ መሬት ላለው ሰው በዋጋ እሱ ይሻላል።

ቦታ ስትመርጡ የዛሬውን ሳይሆን የሚደርስበትን መጠን አስቡ። ግቢ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ ጎን ደግሞ ከ6 ሜትር በላይ ይሰፋል። ከቤቱ ግድግዳ፣ ከመኪና መግቢያውና ከኤሌክትሪክ ሽቦ አርቁት። ተራራ ሥር የምትኖሩ ደግሞ ስለ ሰደድ እሳት አስቡ። ይህ ዛፍ በለጋነቱ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ቅርንጫፉም እስከ መሬት ይወርዳል። እሳት በቀላሉ ስለሚይዘው ከቤት አጠገብ መሆን የለበትም። በብርዱ ወራት ጨው የሚረጭበት መንገድ ዳርም አይመቸውም። ቤቱ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚጥልበት ምሥራቅ ወይም ሰሜን ጎን ካላችሁ እዚያ ትከሉት። ያ ያየነው ወደ ሰሜን የዞረ ቁልቁለት ትዝ ይበላችሁ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል። ሁለተኛ አፈሩን ፈትኑ። አንድ ጫማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፣ ይስረግ፣ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት አንድ ኢንች ያህል እየወረደ ከሆነ ደህና ነው። አድሮም እዚያው ከቆመ ግን ኮንከለር ፈርን እዚያ አትትከሉ። የአውሮራ አፈር ብዙ ቦታ ሸክላ ነው፤ ይህን ዛፍ ከብርድ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ሥሩ ላይ የቆመ ውሃ ነው። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ አፈሩን ሰፋ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉና ጉብታው ላይ ትከሉት።

ጉድጓዱ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን። ስፋቱ ሥሩን ከያዘው አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ጥልቀቱ ግን ከዚያ አፈር ቁመት ትንሽ ያነሰ መሆን አለበት። አሁን የምለውን ልብ በሉ፤ ብዙ ዛፍ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ግንዱ ወደ ሥር ሲጠጋ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። ከነርሰሪ የሚመጡ ዛፎች ላይ ብዙ ጊዜ በአፈር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከላይ ያለውን አፈር በእጃችሁ እየጠረጋችሁ ዋናዎቹን ሥሮች ፈልጉ፤ የጉድጓዱን ጥልቀት የምትለኩት እነሱን ካገኛችሁ በኋላ ነው። የተቀበረ ግንድ ቀስ እያለ ይታፈናል። ምልክቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም።

በጆንያና በሽቦ ቅርጫት የተጠቀለለ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ አቁማችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ሽቦውን ቁረጡ፣ ጆንያውንና ገመዱን አውጡ። «ራሱ ይበሰብሳል» ቢሏችሁ አትስሙ፤ በዚህ ደረቅ አየር ለዓመታት ይቆያል። በፕላስቲክ ያደገ ከሆነ ዙሪያውን የተጠማዘዙትን ሥሮች በቢላ ቁረጧቸው። የቆፈራችሁትን አፈር ራሱን መልሱ። ማዳበሪያ በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልገውም።

ከዚያ ጉዝጓዝ። ከ3 እስከ 4 ኢንች የሚሆን የእንጨት ስብርባሪ በሰፊው አንጥፉ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ይህ ተራራ ላይ ያየነውን የረገፈ ቅጠል ይተካል፤ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃ ይይዛል፣ ሣሩንም ያርቃል። ሣር እስከ ግንዱ ድረስ ከተተወ ውሃውን ይሻማል፤ የሣር ማጨጃውም አንድ ቀን ቅርፊቱን ይገሸልጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ውሃ፣ በተለይ የዊንተር ውሃ።

ዴንቨር በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 14 ወይም 15 ኢንች አካባቢ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ሳምንታት ያለ በረዶ ያልፋሉ፣ ፀሐዩ ይከራል፣ ንፋሱ ያደርቃል። ቅጠሉን ያላረገፈ ዛፍ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሃ እያተነነ ነው። መሬቱ ደርቆ ወይም በርዶ ከሆነ የሚተካው ነገር የለውም። ስፕሪንክለሩ በጥቅምት መጨረሻ ተዘግቷል (ወራቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ ሰውም ስለ ዛፉ ረስቷል። ጉዳቱ የሚደርሰው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ የሚታየው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው።

ባለፈው የጸደይ ወቅት አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ ዛፍ ሞተብኝ መሰለኝ፤ ነገ ሰው ጠርቼ ላስቆርጠው ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት፣ አሁን መጣሁ» አልኳቸው።

ስደርስ የዛፉ ደቡብ ምዕራብ ጎን ሙሉ በሙሉ የዝገት ቀለም ይዟል። ወደ ቤቱ የዞረው ጎን ግን አረንጓዴ ነው። በሽታ እንዲህ ጎን ለይቶ አይመጣም፤ ፀሐይና ንፋስ ናቸው። ከደረቀው ጎን አንድ ቅርንጫፍ ያዝኩና እምቡጡን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት።

«ይኸው ይዩት ጋሼ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። «ታዲያ ቅጠሉስ?» አሉ።

«ቅጠሉ ይረግፋል፤ እምቡጡ ካለ ግን አዲስ ያወጣል። ውሃ ይስጡት፣ እስከ ሰኔ ይታገሱት።»

ታገሱት። በሰኔ መጀመሪያ ከየእምቡጡ ያ ለስላሳ፣ ፈዘዝ ያለ አዲስ ቅጠል ወጣ። ጥቂት ቅርንጫፍ ብቻ ነው ሞቶ የተቆረጠው። ስለዚህ በመጋቢት ቡናማ የሆነ ዛፍ አይታችሁ መጋዝ አታንሱ። ቅርንጫፉን በጥፍር ፋቅ ፋቅ አድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በረዶ ሳይጥል ሦስት አራት ሳምንት ካለፈ፣ የሙቀት መጠኑ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነበትን ቀን እጠብቃለሁ። ያ በፋራናይት 40 ማለት ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ጎማውን አወጣለሁ፤ ሳይጨልምና መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ውሃው እንዲሰርግ ነው። መጠኑ ቀላል ነው። የግንዱ ውፍረት በኢንች ስንት ነው? ለእያንዳንዱ ኢንች 10 ጋሎን። ሁለት ኢንች ከሆነ 20 ጋሎን። ውሃውን ግንዱ ሥር ብቻ አታፍስሱት፤ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች ዙሪያውን ቀስ እያለ ይስረግ። ጎማው በስንት ደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥ በባልዲ አንዴ ከለካችሁ ከዚያ በኋላ ሰዓት እያያችሁ ታጠጣላችሁ። ስትጨርሱ ጎማውን ከቧንቧው ንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ ቧንቧው በርዶ ይፈነዳል።

በሙቀቱ ወራት አዲስ ተከላ በየሳምንቱ ይጠጣ፤ ነገር ግን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አትመሩ። ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ውስጥ ስደዱ። ያለ ትግል ከገባና ሲወጣ እርጥበት ከያዘ ጠብቁ። አልገባም ካለ አጠጡ። በዚህ ዓይነት ሁለት ሦስት ዓመት ከተንከባከባችሁት ሥሩ ይሰፋል። ከዚያ በኋላም በድርቅ ወቅትና በዊንተር አትርሱት።

በመከር ወቅት ከውስጥ በኩል ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ አትደንግጡ፤ የተፈጥሮው ነው። የሚያሰጋው ጫፉ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ሲደርቅ ነው። መግረዝም አያስፈልገውም። በተለይ አናቱን ፈጽሞ አትቁረጡ፤ ቁመናው ይበላሻል።

ስለ ተባይ ብዙ አልልም። ዳግላስ ፈር ተሶክ ሞዝ የሚባል የእሳት እራት አለ፤ ትሉ ኮንከለር ፈርንም ስፕሩስንም ይበላል። ከአናት ጀምሮ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ግንቦትና ሰኔ ላይ አናቱ ከሳሳና ጸጉራም ትሎች ካያችሁ፣ ትሎቹ ትንንሽ እያሉ ቢቲ የሚባለውን በባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት መርጨት ይሠራል። ትሉን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጸጉሩ ቆዳ ያሳክካል። ግንድ የሚሰረስሩ ጥንዚዛዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚያጠቁት የተጠማውን ዛፍ ነው። መከላከያቸውም ያው ውሃው ነው።

ከዘር ማብቀል የምትፈልጉ ትዕግሥት ካላችሁ ሞክሩት፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ኮኑ የሚበስለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከደን ከመሰብሰባችሁ በፊት ቦታውን የሚያስተዳድረውን ቢሮ ጠይቁ፤ ጎረቤት ግቢ ያለ ዛፍ ከሆነ ይቀላል። ኮኑን ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፤ ሲደርቅ ራሱ ይፈረፈራል። ዘሩ ክንፍ አለው። ክንፉን ስታወልቁ በኃይል አትሹት፤ ዘሩ ላይ ሙጫ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፣ ከፈነዱ ዘሩን ይጎዱታል። ብዙው ዘር ባዶ ስለሆነ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ያዙ።

ቀጥሎ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ከእርጥብ አሸዋ ወይም ፒት ሞስ ከሚባለው እርጥበት የሚይዝ የበሰበሰ ዕፅዋት ጋር ቀላቅላችሁ ዚፕ ባለው ፌስታል ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ወር አስቀምጡት። ፍሪዘር አይደለም፣ ፍሪጅ ነው። ተራራ ላይ በበረዶ ሥር የሚያሳልፈውን ጊዜ ነው የምንሰጠው። ከዚያ ጠለቅ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር፣ ስስ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ሲበቅል ግማሽ ጥላ ስጡት። ውሃ አታብዙ፤ ቡቃያው አንገቱ ላይ በስብሶ የሚወድቀው ከውሃ ብዛት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከላይ የሚታየው እድገት ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ሥር እየሰደደ ነው። መሬት ላይ ለመትከል ጥቂት ዓመታት ጠብቁ።

ለገና የተቆረጠ ዛፍ ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ታኅሣሥ 25ን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ያከብራሉ፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን ገና ጥር 7 ላይ እንጠብቃለን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቆይ ዛፍ ከፈለጋችሁ ስፕሩስ አትግዙ፤ ቤት ውስጥ ቶሎ ይረግፋል። ፈር ቅጠሉን ይይዛል፣ ቤቱንም ያ የብርቱካን ሽታ ያውደዋል። የግንዱን ጫፍ ትንሽ ቆርጣችሁ ወዲያው ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ውሃው ከማቆሚያው እንዳይጎድል በየቀኑ እዩት። ራሳችሁ ተራራ ወጥታችሁ መቁረጥ ከፈለጋችሁ የአሜሪካ የደን አገልግሎት የመቁረጫ ፈቃድ ይሸጣል። የትኛው ደን ውስጥ የትኛው ዛፍ እንደሚፈቀድ ፈቃዱ ላይ ተጽፏልና አንብቡት። ከነሥሩ በፕላስቲክ ያለውን የምትገዙ ደግሞ ቤት ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዩት። ሙቀቱ ካነቃው በኋላ ወደ ብርዱ ሲወጣ ይሞታል።

በመጨረሻ፣ «ዘሩን ሀገር ቤት ልውሰድ?» ለምትሉኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታው ከኮንከለር ፈር ሀገር ጋር ስለሚመሳሰል ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከፍታ ብቻውን አይበቃም። ይህ ዛፍ ወራት የሚቆይ ብርድ ለምዶ የተፈጠረ ነው፤ በዚያ ጊዜ ይተኛል፣ በጸደይ ይነቃል። አዲስ አበባ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም እንዲህ ያለ ወቅት የላትም። ዘርና ችግኝም ያለ ፈቃድና ያለ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ማስገባት አይፈቀድም። ለእናት አባቶቻችሁ ግቢ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ መትከል ካሰባችሁ፣ የሐበሻ ጥድና ዝግባ አሉ፤ ደጋው ላይ ደግሞ ኮሶ አለ። የዝግባ ዘር ለመብቀል ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ከችግኝ ጣቢያ የደረሰ ችግኝ መግዛቱ ይሻላል። ተከላው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ካጠገበ በኋላ ይሁን።